«አይዞህ ባይ» መሆን፦ በችግር ላይ ላሉ ወገኖች ስለሚነገር የማጽናኛ ቃል

መግቢያ

በእርዳታና በማቋቋም ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ በየዕለቱ የሚያከፋፍለው እህል፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ብቻ አይደለም። ቃልም ያከፋፍላል። እህሉ በኪሎ ተመዝኖ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ በፊርማ ይወጣል፤ ቃሉ ግን ሳይመዘንና ሳይመዘገብ ይወጣል። በመሆኑም ማን ለማን ምን እንደተናገረ፣ የተነገረውስ ምን እንዳስከተለ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ የለም። ይሁን እንጂ ቤቱን፣ ከብቱን ወይም ልጁን ያጣ ሰው፣ የተሰፈረለትን የስንዴ መጠን ቢረሳ እንኳ፣ በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ዘንድ የተነገረውን ክፉም ሆነ ደግ ቃል በቀላሉ አይረሳም።

የዚህ ትምህርታዊ ጽሑፍ ዓላማ፣ ለተቸገሩ ሰዎች በአማርኛ የሚነገሩት የማጽናኛ ቃላት ምን ምን እንደሆኑ፣ በየትኛው ጊዜና ለማን እንደሚነገሩ፣ እንዲሁም ተናጋሪውን ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚያሸክሙት ለመግለጽ ነው። ለምሳሌ የተወሰዱት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የሆለታ፣ የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ከሩቅ ተፈናቅሎ የመጣውና በአካባቢው ተወልዶ መሬቱን የለቀቀው ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የማጽናናት ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በግልጽ ይታይባቸዋል።

፩. የቃሉ መሠረት

«ማጽናናት» የሚለው ቃል ሥሩ «ጸና» ነው፤ ይኸውም በረታ፣ ጠነከረ፣ ሳይናወጥ ቆመ ማለት ነው። ለሐዘንተኛ የሚባለው «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ በብዙዎች አነጋገርም «ያጥናህ»፣ ትርጉሙ ሐዘንህን ያጥፋልህ ማለት ሳይሆን፣ ሐዘንህን ተሸክመህ እንድትቆም ያበርታህ ማለት ነው። በትግርኛ «ጽንዓት ይሃብኩም» ሲባል ሐሳቡም ሥሩም ያው ነው። በእነዚህ አራት ከተሞች ዙሪያ በሰፊው የሚነገረው አፋን ኦሮሞም ለአንድ ሰው «ጀባዹ»፣ ለብዙ ሰዎች «ጀባዻ» ሲል የሚነሣው «ብርቱ» ከሚለው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ማጽናኛ ቃል እንኳ ወደ ላቲኑ ሥሩ ሲመለስ «ማበርታት» የሚል ትርጉም አለው። ከዚህ የምንረዳው፣ ማጽናናት ማለት ችግሩን ማሳነስ ወይም ማስረሳት አለመሆኑን ነው። የሚጸናው ሰውዬው ነው እንጂ ችግሩ ቀላል ነው አልተባለም።

ከማጽናኛ ቃላት ሁሉ አዘውትሮ የሚነገረው «አይዞህ» ነው፤ ለሴት «አይዞሽ»፣ ለአክብሮት «አይዞዎ»፣ ለብዙዎች «አይዟችሁ» ይባላል። ትግርኛው «ኣጆኻ»፣ «ኣጆኺ» ይላል። ይህ ቃል ለወደቀ ሕፃንም፣ ለታመመም፣ ምጥ ለያዛትም፣ ለተሰደደም ይነገራል። ሆኖም አማርኛ ከዚሁ ቃል ያወጣውን ሌላ አነጋገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ረዳትና ወገን እንደሌለው ለመግለጽ «አይዞህ ባይ የለውም» እንላለን። እዚህ ላይ «አይዞህ ባይ» ማለት ቃሉን ከአፉ ያወጣ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚቆም፣ ሲወድቅ የሚያነሣ፣ ሲጠቃ የሚደርስ ማለት ነው። ስለዚህ በቋንቋችን ሕግ «አይዞህ» ያለ ሰው ከሰሚው ጎን ለመቆም ቃል እንደገባ ይቆጠራል።

«በርታ» ወይም «ይበርቱ» የሚለው ቃል ከዚህ ይለያል። «በርታ» ሸክሙን በሰሚው ላይ ያኖራል፤ «አይዞህ» ግን ተናጋሪውም ትከሻውን እንዲያስገባ ይጠይቃል። እናቶች ልጅ ሲደናቀፍ «እኔን!» የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በአንተ የደረሰው በእኔ ይድረስ ማለታቸው ነው። የእርዳታ ሠራተኛ ይህን የእናት ቃል በየጠረጴዛው ይናገር አይባልም፤ ነገር ግን የማጽናኛ ቃላችን የሚያመራው ወደዚህ አቅጣጫ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

፪. በአንድ ሰልፍ ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ሐዘኖች

በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ ተነሥቶ በ2010 ዓ.ም. በተባባሰው ግጭት ከተፈናቀሉት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መካከል የተወሰኑት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች እንዲሰፍሩ መደረጉ ይታወሳል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከተቀበሏቸው ከተሞች መካከል ነበሩ። በሌላ በኩል፣ በሆለታ ዙሪያ ለአበባ እርሻ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሲባል መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች አሉ። የካሣው ገንዘብ ካለቀ በኋላ በገዛ ቀያቸው የቀን ሠራተኛ የሆኑ ቤተ ሰቦች ይገኙባቸዋል። ከእነዚህም ሌላ ሥራ ፍለጋ ከየገጠሩ የመጣ ወጣት አለ።

እንግዲህ ለአንደኛው ማጽናኛ የሆነው ቃል ለሌላው ቁስል ሊሆን ይችላል። ከጂግጂጋ ለተፈናቀለ ሰው «እንኳን ወደ አገርህ መጣህ» ሲባል፣ ተናጋሪው ደስ ያሰኘው ይመስለዋል። ሰውዬው ግን ተወልዶ ያደገው፣ ወልዶ የከበደው እዚያው ከሆነ፣ አገሬ የሚለው ትቶት የመጣውን ነው። «ወደ አገርህ መጣህ» ማለት «የጠፋብህ ነገር የለም» እንደማለት ይሆንበታል። ይህንኑ ቃል በአጠገቡ ቆሞ የሚሰማው የአካባቢው ገበሬም «መሬቴን ለቅቄ እኔን ያጽናናኝ ማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ለእንግዳው የሚነገረው ቃል ባለቤቱ የሚሰማው መሆኑን አለመዘንጋት ያሻል። ለሁለቱም የሚስማማው «የደረሰብዎትን ሰምቻለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይንገሩኝ» የሚለው ነው።

የሃይማኖትም ልዩነት መጠበቅ አለበት። ለኦርቶዶክሳዊ ሐዘንተኛ «ነፍስ ይማር» ማለት የተለመደ ነው። ለሙስሊም «አላህ ይዘንለት»፣ ለቤተ ሰቡም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ስለ ሟች ነፍስ የሚደረገውን ልመና በአብዛኛው ስለማይቀበሉ፣ ለእነርሱ የሚስማማው «ጌታ ያጽናናችሁ» የሚለው ነው። የሰውዬውን እምነት የማያውቅ ሠራተኛ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ቢል ማንንም አያስቀይምም። የመጠሪያም ነገር እንዲሁ ነው። «ተረጂ»፣ «ተፈናቃይ»፣ «ሰፋሪ» የሚሉት ቃላት ለሪፖርት ያገለግላሉ፤ በሰው ፊት ግን አይነገሩም። በፊቱ አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ በአፋን ኦሮሞም ኦቦ ወይም አዴ ተብሎ ከነስሙ መጠራት ይገባዋል።

፫. የሚያቆስሉ ማጽናኛዎች

ከዚህ ቀጥሎ የተመለከቱት አነጋገሮች በቅን ልቦና የሚነገሩ ቢሆንም፣ ጉዳታቸው ከጥቅማቸው ያመዝናል።

ሀ) «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ።» ይህ ተረት ለመሄድ ላሰበ ሰው ምክር ሊሆን ይችላል። ተገዶ ለወጣ ሰው ሲነገር ግን ወቀሳ ይሆናል። «የባሰም አለ» የሚለው አጭር አነጋገር ከዚሁ ወገን ነው።

ለ) «እንኳን ነፍስዎ ተረፈ።» ሰው ሳይሞት ንብረት ብቻ በጠፋበት አደጋ ይህ መልካም ምርቃት ነው። ልጇ ለሞተባት እናት ግን መትረፏ ራሱ ሐዘኗ ነውና፣ ቀድሞ ከእርስዋ አፍ ካልወጣ በስተቀር አይነገራትም።

ሐ) «ከብት ነው እንጂ ሰው አልሞተም።» ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ባለመሳካታቸው አርብቶ አደሩ መንጋውን አጥቷል። ለአርብቶ አደር ከብት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ወተት፣ ጥሎሽ፣ ክብርና የአባት ውርስ ነው። «ስንት ነበሩ? ስንቱ ቀረ?» ብሎ መጠየቅና ዝርዝሩን ሲናገር በትዕግሥት መስማት ከምክር ሁሉ ይበልጣል።

መ) «አታልቅሺ፣ በቃ!» በባህላችን ልቅሶ ነውር አይደለም፤ «አልቅሶ ይውጣለት» ይባላል። ልቅሶን የሚያቋርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሳርፈው የራሱን ጭንቀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይጠቀልለዋል፤ እነርሱም መመልከት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። ይኸው መመሪያ ሰውን ታሪኩን እንዲናገር ማስገደድ፣ የማያውቁትን ማውራትና የማይፈጸም ተስፋ መስጠት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ሆዱ ይፍጀው ብሎ ዝም ያለውን ሰው ዝምታውን ማክበር፣ ሊናገር ሲፈልግ ደግሞ አጠገቡ መገኘት ያስፈልጋል ማለት ነው።

፬. «ተመስገን» የሚለው መልስ

አንድ መዝጋቢ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ተመስገን» ነው። ሦስት ቀን ያልበላም፣ ሌሊቱን ልጁ ሲቃትት ያደረም ይህንኑ ይመልሳል። ይህ መልስ የእምነትና የክብር ቃል እንጂ ስለ ኑሮ ሁኔታ የተሰጠ መረጃ አይደለም። በተለይም አረጋውያንና በፊት ደህና ኑሮ የነበራቸው ሰዎች ይሉኝታ ስለሚይዛቸው፣ ለልመና የቆመ ላለመምሰል ችግራቸውን ይሸሽጋሉ። መልሱን እንደወረደ ወስዶ «ችግር የለበትም» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ፣ በጨዋነታቸው ምክንያት ከእርዳታ ያስቀራቸዋል።

በመሆኑም ከሰላምታው በኋላ ተጨባጭ ጥያቄ መከተል አለበት፦ «ዛሬ ምን ቀመሱ?» «ልጆቹ የት ነው ያደሩት?» «ማታ ማን አብሮዎት ነው?» «መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤት አለ?» እነዚህ ጥያቄዎች መረጃ መሰብሰቢያ ብቻ አይደሉም። የሚጠይቀው ሰው ስለ ኑሮው ማሰቡን ስለሚያሳዩ ራሳቸው ማጽናኛ ናቸው።

፭. መርዶ መንገርና ለቅሶ መድረስ

ዘመድ ከዘመድ በተለያየበት ቦታ፣ ስለ ሞተ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝር የያዘው ሠራተኛ ነው። ባህላችን ደግሞ ለመርዶ ጥብቅ ሥርዓት አለው። መርዶ በአብዛኛው ሊነጋጋ ሲል ይነገራል፤ የሚናገሩትም የቅርብ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ተሰባስበው ነው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እያለ ወይም በመንገድ ላይ አይነገረውም። ይህ ሥርዓት የተበጀው ሰውዬው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በአጠገቡ እንዲኖር ነው። በሰልፍ መካከል ስም እየጠሩ «እርሱማ ሞቷል፣ ከዝርዝሩ ተሰርዟል» ማለት ይህን ሁሉ ያፈርሳል።

ስለዚህ ሠራተኛው መርዶ ሲገጥመው በመጀመሪያ መረጃው እርግጥ መሆኑን ያጣራል። ቀጥሎም ከሰፈሩ ሰዎች መካከል ዘመድ፣ የአገር ሰው፣ የሃይማኖት አባት ወይም ሽማግሌ ፈልጎ ጉዳዩን ያማክራል። መርዶው በእነርሱ አፍ እንዲነገር ማድረግ ይመረጣል። ከተነገረ በኋላ ሄዶ ለቅሶ መድረስ ተገቢ ነው። በሐዘን ቤት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ገብቶ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ሲነሡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መውጣት ይበቃል።

ከሰፈሩ የተፈናቀለ ሰው እድሩንም አጥቷል። ድንኳን የሚተክልለት፣ እዝን ይዞ የሚመጣለት፣ ቀብር የሚያስፈጽምለት ማኅበር የለውም። ለዚህ ሰው አንድ ሸራ ማዋስ፣ የሐዘኑን ቀናት ከሰልፍና ከምዝገባ ነፃ ማድረግ፣ ራሽኑም በሌለበት እንዲጠበቅለት ማዘዝ፣ ከአካባቢው እድር ጋር ማገናኘት ሁሉ «ያጽናህ» የሚለውን ቃል በተግባር መተርጐም ነው።

፮. የተሰጠ ተስፋ

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ የወሎ ረሃብ ለወራት በይፋ ሳይገለጥ ቆይቶ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ የተገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ የሰውን መከራ መካድ ከመከራው ላይ የሚጨመር ሌላ በደል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥተው ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ ተወስደዋል። ለም መሬትና ዝናም ያለበት አገር እንደሚጠብቃቸው ተነግሯቸዋል። በፈቃዳቸው የሄዱ ቢኖሩም ተገድደው የተወሰዱም ነበሩ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበትም ጊዜ ነበር። በደጋ ያደጉ ሰዎች በቆላው ወባና በሌሎች በሽታዎች አልቀዋል። በዚያ ሁኔታ የተነገረ «አይዟችሁ» ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አያዳግትም። ያልተፈጸመ ማጽናኛ የተናገረውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሠራተኛ ሁሉ እምነት ያሳጣል።

በመሥሪያ ቤቶቻችን «ይታያል»፣ «በሂደት ላይ ነው»፣ «ትንሽ ይታገሡ»፣ «ነገ ይመጣል» የሚሉ የተለመዱ ቃላት አሉ። ባለጉዳዩ ከብዙ ልምድ የተነሣ «ይታያል» ማለት «የለም» ማለት እንደሆነ ተምሯል። በእነዚህ ፈንታ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚገኝ መናገር ይሻላል። እህል ከሌለም አለመኖሩን መናገር ማጽናናት ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ቀኑን በከንቱ ከመጠበቅ ድኖ ሌላ መላ ሊፈልግ ይችላል።

፯. ቃል ሲያንስ

ከመስከረም 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሞተዋል፤ ከመኖሪያቸው የሸሹ ብዙ ሺህ ነዋሪዎችም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ከተጎዱት መካከል የጋሞ ተወላጆች ይገኙባቸዋል። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ በቁጣ ለበቀል የወጡ ወጣቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አባቶቹ «አትዘኑ» አላሉም፤ ሐዘኑ የእነርሱም ነበርና። ሆኖም ሐዘኑ ሌላ ሐዘን እንዳይወልድ በጉልበታቸው ለመኑ። ማጽናኛ በቃል ብቻ የማይፈጸም መሆኑን፣ ቃሉም የሚከበረው ተናጋሪው ዝቅ ለማለት ፈቃደኛ ሲሆን መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

፰. የንግግር ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው ንግግር ለመለማመጃ የተዘጋጀ ነው። አንዲት አሮጊት ወደ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ቀርበዋል፤ እህሉ አልደረሰም።

— ልጄ፣ ስሜ አለ ወይ?

— እናቴ፣ ቆመው ደከሙ፤ እዚህ ይቀመጡ። ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ፣ አብረን እንፈልጋለን።

(ፈልጎ ካጣ በኋላ)

— እናቴ፣ አልደብቅዎትም፤ ስምዎ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እህሉም ዛሬ አልገባም። አሁን ግን ጽፌዎታለሁ፤ ይኸው ቁጥርዎ። ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት እዚሁ እገኛለሁ። እህሉ ባይመጣም እንኳ እኔ መጥቼ አለመምጣቱን እነግርዎታለሁ።

— ይሁን ልጄ፣ ተመስገን ነው።

— ይመስገን። ዛሬስ ምን ቀመሱ? ማታ ከማን ጋር ነው የሚያድሩት?

— ከልጅ ልጄ ጋር ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዞታል፤ እህልም በአፉ አልዞረ።

— እንግዲያውስ ይህ ለሐሙስ የሚቆይ አይደለም። የጤና ሠራተኛዋ እዚያ ድንኳን ውስጥ ናት፤ ተነሡ፣ አብረን እንሂድ። አይዞዎ።

በዚህ ንግግር «አይዞዎ» የተባለው በመጨረሻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። መጀመሪያ መቀመጫ፣ ቀጥሎ እውነት፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ በመጨረሻም አብሮ መሄድ መጣ። ቃሉ የተነገረው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

የማጽናኛ ቃል ወጪ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚያስከትለው ግዴታ ቀላል አይደለም። መጋዘን ባዶ በሆነበት ቀን ሠራተኛው በእጁ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው። ያ ቃል በፊት በውሸት ካልተመናመነ፣ ሰውን እስከ ሐሙስ ሊያቆይ ይችላል። በሆለታም ሆነ በሱሉልታ፣ በቦረናም ሆነ በወሎ፣ የተቸገረው ሰው የሚፈልገው ችግሩን አውቆ እውነቱን የሚነግረውና በቀጠሮው ቀን የሚገኝ አይዞህ ባይ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሥራ ቦታችሁ ባለጉዳይን ለማሰናበት የሚነገሩ አነጋገሮች የትኞቹ ናቸው? በምን ይተካሉ?

2. በምትሠሩበት አካባቢ መርዶ እንዴት ይነገራል? በመጠለያው ውስጥ ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ ምን ያስፈልጋል?

3. ባለፈው ሳምንት «አይዞህ» ያላችሁትን አንድ ሰው አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁለት?